ከምስጋናው በኋላ የቆረጥሁት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። የንስሐ አባቴ ሌላውን ሁሉ ያውቃሉ። ጾም የገደፍሁበትን፣ ጠጥቼ ወንድሜን የተሳደብሁበትን፣ በሐሰት የማልሁበትን ሳይቀር ተናግሬ ስግደቴን ተቀብያለሁ። ይህንን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሌላ ኃጢአት እፈልግና በእሱ እተካዋለሁ። የምተካው ኃጢአት ደግሞ አጥቼ አላውቅም።

አንተ አንባቢ፣ ለአንተ የምናዘዘው ስለወደድሁህ አይምሰልህ። ስለማላውቅህ ነው። መስቀል አልያዝህ፣ አልሳለምህ፤ አንቱም አልልህም። ልትፈታኝ አትችልም፤ ብትችልም አልፈልግም። ገና ሳልጀምር «ያው ሁላችንም ስንሳሳት ነው የምንኖር» ልትለኝ እንደተዘጋጀህ ይታወቀኛል። እሱን ለራስህ አስቀምጠው። እኔ አልተሳሳትሁም። አውቄ ነው ያደረግሁት።

የሠራሁት ነገር ሲነገር ትንሽ ነው። የአንዲት ሴት ንግግር ቆረጥሁ፤ በቃ። ሰው አልገደልሁም፣ ቤት አላቃጠልሁም። ሻዬን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ፣ ኮምፒውተር ላይ የሰው ድምፅ ቆርጬ ሌላ ቦታ ለጠፍሁት። ሥራውን ስጨርስ ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። እንዲህ ቀላል ባይሆን ኖሮ አደርገው ነበር ወይ እያልሁ ራሴን እጠይቃለሁ። አደርገው ነበር።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ፕሮግራም አዘጋጅ ነበርሁ። የጣቢያው ስም ምንም አይረባህም። በሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ነበረኝ፤ ለሁለተኛው ደግሞ በእረፍት ቀን እየተመላለስሁ እማር ነበር። ለመመረቂያ የመረጥሁትን ርዕስ ልንገርህና ሳቅብኝ። ኒዮ ማርክሲስቶች ስለ መገናኛ ብዙኃንና ስለ አይዲዮሎጂ ምን ይላሉ የሚል ነበር።

ምን እንደሚሉ በአጭሩ ልንገርህ፤ ካልሰማህ የእኔ ነገር አይገባህም። የድሮዎቹ ማርክሲስቶች ሀብታሙ ጋዜጣውንና ሬዲዮውን ስለያዘ የፈለገውን ያስነግርበታል ይላሉ። ከእነሱ በኋላ የመጡት ኒዮዎቹ ግን ነገሩ እንዲህ ግልጽ አይደለም አሉ። ጋዜጠኛውን በየቀኑ እየደወለ የሚያዘው ሰው የለም። ግን ያደገበትና የሚውልበት አስተሳሰብ አለ፤ የጉልበተኛውን ጥቅም የሁሉም ጥቅም አድርጎ ማየት ልማድ ሆኖበታል። ስለዚህ ማንም ሳያዘው፣ እንዲያውም ሐቀኛ ነኝ እያለ፣ የጉልበተኛውን ፈቃድ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ያለ ነገር አስመስሎ ያወራዋል። ተበዳዩም ይሰማና «ሌላስ ምን ሊደረግ ኖሯል» ብሎ ይቀበላል። ሄጌሞኒ የሚሉት ይህንን ነው።

ይህን የተማርሁ ሰሞን ሰው አላስቀምጥ አልሁ። ቡሬ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና ሲጀመር «ተመልከቱ፣ ይኸ እኮ አይዲዮሎጂ ነው፤ እናንተ ዜና ይመስላችኋል» እላለሁ። እነሱ ኳሱ እስኪጀመር ነበር የሚጠብቁት። ሁሉንም ናቅኋቸው። የማይገባቸው እነሱ፣ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እግዜር ያሳይህ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከማንኩሳ ወዲያ አንድ ጎጥ አለ። የጎጡ ሰው ከብቱን በጋራ የሚያውልበት ሰፊ የወል መስክ ነበረው። ያ መስክ ለአንድ ባለሀብት የእርሻ ፕሮጀክት ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። ገና አላለቀም፣ ሕዝቡ ምን ይላል ተብሎ ሊጠየቅ ነው ተባለ። እነሱም ሬዲዮ ከሰማን መንግሥት ይሰማናል ብለው አመኑና ቃላቸውን የሚያደርስ ሰው መረጡ። የመረጡት እትየ እናኑን ነው።

እትየ እናኑ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅም የሌላቸው፣ ግን ነገር አዋቂ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሁለት የተጣላ ሰው ካለ እሳቸው ዘንድ ይኬዳል። ቤታቸው ወንድ ስለሌለ እርሻቸው የቆመው በወንፈል ነው። ወንፈል ታውቃለህ? የጎጡ ሰው ዛሬ ያንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ በተራ እየወጣ በጋራ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። እትየ እናኑ በበኩላቸው ለሁሉም ያርማሉ፣ ለሠራተኛው ያበስላሉ፣ ተራቸው ሲደርስ ሰው ይወጣላቸዋል። ከወንፈል የወጣ ሰው ማሳ ቢኖረውም የለውም።

መቅረጫዬን ይዤ ስሄድ መስኩ ላይ ተሰብስበው ጠበቁኝ። አያ ደምሴ የሚባሉት የጎጡ ሽማግሌ የምቀመጥበት ዱካ አስመጡልኝ። እትየ እናኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ተቀምጠው ቢናገሩስ ብላቸው የሰው ቃል ተቀብዬ እንዴት ተቀምጬ እናገራለሁ አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ልንገርህ፤ የእኔ ጥፋት ያለው እሱ ላይ ነው። በኛ አገር ነገር አዋቂ ሰው አቤት ሲል በብሶቱ አይጀምርም። መጀመሪያ ያመሰግናል። የተደረገለትን ይቆጥራል፣ ይመርቃል፣ ዕድሜ ይለምናል። ሽንገላ አይደለም ይኸ። ውለታ ቢስ አይደለሁም፣ ነገር ፍለጋም አልመጣሁም፣ እንግዲህ የምለውን ስማኝ ማለቱ ነው። ብሶቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ምስጋናው በረዘመ ቁጥር የሚከተለው የከበደ መሆኑን ሰሚው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ እናቴ ጎረቤቷን ስለ አጥር ልትወቅስ ስትሄድ እንኳ በምስጋና ነበር የምትጀምር።

እትየ እናኑም እንዲሁ ጀመሩ። «እግዚአብሔር ይመስገን። መንገድ አወጣችሁልን፤ ወላዷን በቃሬዛ ከመሸከም ዐረፍን። ጤና ጣቢያ አቆማችሁልን፤ ልጆቻችንን አስተማራችሁልን። ስላደረጋችሁልን ሁሉ ዕድሜ ይስጣችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ፤ እኛ ደስ ብሎናል።»

ከዚያ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉና ቀጠሉ። «እንግዲህ ካዘናችሁልን አይቀር ይህን መስክ አትውሰዱብን። በሬያችን የሚውል እዚህ ነው። በሬ ከሌለ እርሻ የለ፣ እርሻ ከሌለ እኛም የለን። ስጡን ብሎ የጠየቀን የለም፤ እሺ ያለም ከመካከላችን የለም። እሺ አሉ ብሎ የሚነግራችሁ ካለ ዋሽቷችኋል።»

ሰዉ በአንድ ድምፅ «እውነት ነው» አለ። አያ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አልዋሽህም፤ መቅረጫውን ዘግቼ እትየ እናኑን ጉልበታቸውን ልስም ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ በበሩ ብቅ ብሎ «የኅብረተሰቡ አስተያየት ተብሎ አጠር ያለች ነገር ትግባበት፤ ሚዛናዊ አድርጋት» ብሎኝ ሄደ። ያለኝ ይኸንኑ ነው። ቁረጥ አላለኝም፤ ዋሽም አላለኝም። እትየ እናኑን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም። ይህን የምነግርህ በእሱ ላይ እንዳታላክክልኝ ነው። ማንም አላዘዘኝም።

ተቀመጥሁና ሠራሁት። ለዜና አንባቢው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁለት፤ «መስኩ ለልማት ሊውል ነው፤ የአካባቢው ነዋሪዎችም ደስታቸውን እየገለጹ ነው» የሚል። መንገዱን አወጣሁት፣ ጤና ጣቢያውን አወጣሁት፣ ትምህርት ቤቱን አወጣሁት። ምስጋናው ለመስኩ እንዲመስል ማለት ነው። የተውሁት «ስላደረጋችሁልን ሁሉ ዕድሜ ይስጣችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ፤ እኛ ደስ ብሎናል» የምትለዋን ብቻ ነው። ብሶታቸውን ሊጀምሩ ትንፋሽ ሲስቡ የሚሰማውን ድምፅ እንኳ ለይቼ አጠፋሁት። ያ ትንፋሽ ቢሰማ አገሬው ገና የሚቀጥል ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር። በዚያ ላይ ሙዚቃ አለበስሁበት።

ለምን? በኮሌጅ መምህርነት ልቀጠር እየተሯሯጥሁ ነበር፤ አለቃዬ በሰላም እንዲለቅቀኝና ደህና ቃል እንዲጽፍልኝ እፈልግ ነበር። ይኸ አንዱ ነው። ሌላው ግን ከዚህም ያሳፍራል። ሥራው አምሮልኝ ነበር። ሳዳምጠው አንድም ስንጥቅ የለበትም፣ ከአንድ አፍ የወጣ ይመስላል። ኮራሁ። ያን ቀን ምሳዬን በደህና በላሁ።

ይኸውልህ እንግዲህ፣ ያ የማወራለት ቲዎሪ እዚህ ላይ ጥሎኝ ይሄዳል። ጋዜጠኛው የሚያደርገውን አያውቅም ነው የሚለው፤ ልማድ ዓይኑን ሸፍኖታል ነው የሚለው። እኔ አውቅ ነበር። እያንዳንዷን ነገር በስሟ አውቃት ነበር። ይኸ ሄጌሞኒ ነው፣ ይኸ መምረጥና መጣል ነው፣ ይኸ የጉልበተኛውን ቃል በተበዳይ አፍ ማስነገር ነው እያልሁ፣ በሆዴ ምዕራፉን እየጠራሁ ነው የቆረጥሁት። ሐኪም መርዙን አውቆ ሲያጠጣ ምን ይባላል? አንተው ስም አውጣለት።

ፕሮግራሙ በገበያ ቀን ተላለፈ። ማንኩሳ ገበያ ላይ የሱቆቹ ሬዲዮ ሁሉ ክፍት ነው። የጎጡ ሰው እህሉን ዘርግቶ ተቀምጦ የእትየ እናኑን ድምፅ በጆሮው ሰማ። ሌላ ሰው አወራባቸው ቢባል ባልታመነ፤ የራሳቸው አፍ ነው። ወዲያው ተሸጠው ነው የሚል ወሬ ተነሣ። መስክ ላይ ለኛ የሚመስል ነገር ተናገሩ፣ በኋላ ከተማ ሄደው ሌላ ተናገሩ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ መስኩ ታጠረ። ያኔማ ወሬው እውነት ሆነ።

ከወንፈል አስወጧቸው። ተሰብስበው ፈርደው አይደለም፤ ዝም ብለው ተራቸውን ዘለሉት። ይኸ ደግሞ ከፍርድ ይብሳል፤ ፍርድ ይግባኝ አለው።

እትየ እናኑ ወደ እኔ መጡ። ፍኖተ ሰላም ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። ዘበኛው ጠራኝና ስወጣ ግንቡ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ስሜን አያውቁትም፤ ያ መቅረጫ የያዘ ልጅ ብለው ነው ያስጠሩኝ። ጀመሩኝ። እስከ መንደራችን መጥተህልን ነበር፣ ፀሐዩን ችለህ አዳምጠኸን ነበር፣ እናትህ ትባረክ አሉኝ። እያመሰገኑኝ ነው፤ ስለዚህ ምን ሊመጣ እንደሆነ ልቤ አወቀው። ምስጋናው ረዘመ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፤ «ያልሁትን ሁሉ አሰማልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ። ሰዎቹ ይስሙት።»

ቅጂው ያኔ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ ይጠቅመኛል ብዬ ሙሉውን በፍላሽ አስቀርቼው ነበር። እጄን ኪሴ ከትቼ ያዝሁት። ከዚያ «ተሰርዟል እትየ፤ ማሽኑ ሲሞላ ያጠፋዋል» አልኋቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲያ ከሆነ ምን ታደርግ፤ አስቸገርሁህ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለሱ። ጠጡ እንኳ አላልኋቸውም፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ።

ብታምነኝም ባታምነኝም ከዚያ በኋላ ረሳኋቸው። የኮሌጁን ሥራ አገኘሁ። አግብቼ ወለድሁ። ሰው «መምህር» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣልኝ ጀመር።

አሁን የሚመጣው ከቆረጥሁት ይብሳል። ክፍል ውስጥ ስለ ሐሰተኛ ንቃተ ኅሊና አስተምር ነበር። ተጨቋኙ የጨቋኙን ሐሳብ የራሱ አድርጎ ሲይዝ፣ የሚጎዳውን ነገር ሲያወድስ ማለት ነው። ተማሪዎቹ አልገባቸውም፤ እያዛጉ ነበር። ምሳሌ ፈለግሁ። ከዚያ ምን አደረግሁ መሰለህ? ስልኬን አወጣሁና የእትየ እናኑን ድምፅ ከፈትሁላቸው፤ ያንን የቆረጥሁትን። «ስሙ እንግዲህ» አልሁ፤ «ይህች ሴት የከብቶቿን መስክ የሚወስድባትን ሰው ዕድሜ ይስጥህ እያለች ትመርቃለች። አይዲዮሎጂ ማለት ይኸ ነው። ገበሬው ጌታውን ያመሰግናል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሷ አልኋቸው፤ እትየ እናኑን እሷ ብዬ፣ ስም የሌላት አላዋቂ ሴት አድርጌ፣ ማስተማሪያ አደረግኋቸው። እኔ የሠራሁትን ድንቁርና በእሳቸው አፍ አስገብቼ፣ መልሼ ደንቆሮ አልኋቸው። እስኪ ንገረኝ፣ የትኛው ባለሀብት፣ የትኛው ሹም እንዲህ አድርጎ ያውቃል? እነሱ የወሰዱት መስክ ነው።

ደወል ሲደወል አንዲት ተማሪ ቀረች። ስመኝ ትባላለች፤ ዝምተኛ ልጅ ናት። «መምህር፣ ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ» አለችኝ፤ «የኛ ጎጥ ሰው ናቸው። ሲስቁባቸው ዝም ብዬ ሰማሁ።» ቀጥላ ከገበያው ቀን በኋላ የሆነውን ነገረችኝ። በዚያው ዓመት ጤፋቸው ደርሶ ማንም አልወጣላቸውም። ብቻቸውን በማጭድ ጀመሩት፤ ሳይጨርሱ ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣና የቆመውን ከመሬት አስተኛው። በሬዎቻቸውን ሸጡ። ማሳው ጦም አደረ። ሰው ቤታቸው አይገባም፣ የተጣላም አይሄድም። «እናቴም ካስወጧቸው አንዷ ናት» አለችኝ። «መስኩ ላይ ያሉትን ግን እኔም ሰምቻለሁ፤ ልጅ ነበርሁ፣ ከእናቴ ጋር ቆሜ ነበር። ቀሪው አለዎት?»

«ያለው ይኸው ነው» አልኋት።

አልተከራከረችኝም። በማግሥቱ ከፊት ወንበር ተነሥታ ከኋላ ተቀመጠች። እኔ ግን ፈራሁ። ኅሊናዬ ወቀሰኝ ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ልጅቷ ትናገርብኛለች ብዬ ነው የፈራሁ። ወደ ጎጡ ለመሄድ የተነሣሁትም ለዚያ ነው። ቀድሜ ልገኝና እኔ ራሴ ደግ ሰው ልሁን ብዬ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከጎጡ ቤተ ክርስቲያን በር ሳይበተን ደረስሁ። እስከ ማንኩሳ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ሄድሁ፤ ፍላሹንና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዤ። ያ መስክ በሽቦ ታጥሮ አየሁት። አያ ደምሴ አርጅተዋል፤ ዘንግ ይዘው ነው የሚሄዱ። የመጣሁት ስለ እትየ እናኑ ጉዳይ መሆኑን ስነግራቸው ሰዉን ሰብሰብ አደረጉልኝ። እትየ እናኑ ራቅ ብለው ቅጥሩ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ብቻቸውን የሚቀመጡ መሆናቸውን ለማየት ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

ሙሉውን ከፈትሁት። መንገዱ አለ፣ ጤና ጣቢያው አለ፣ ምርቃቱ አለ፣ ትንፋሹ አለ፣ ከትንፋሹ በኋላ ያለው ሁሉ አለ። ሰዉ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲያልቅ ልቤ ቀለለው። አሁን ተነሥተው እግራቸው ላይ ይወድቃሉ፣ እኔንም ይመርቁኛል ብዬ ጠበቅሁ።

አንድ ጎረምሳ «ዛሬ ስልክ የማንንም ድምፅ አስመስሎ ይሠራል» አለ። ሌላው «ያኔ የት ነበር ይኸ?» አለ። አንዷ ሴት እሳቸው ራሳቸው አስለምነውህ ይሆናል አለችኝ። አያ ደምሴ ዝም አሰኟቸውና ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸው ሊያምኑ ፈልገው ነበር፤ ከፊታቸው አነበብሁት።

«እንደምትለው ይሁንልህ» አሉኝ፤ «ማን ቆረጠው?»

እኔ ነኝ ማለት ነበር። ሁለት ቃል። ምን አልሁ መሰለህ? አሠራሩ ነው አልሁ። ሬዲዮ እንዲህ ነው የሚሠራ፣ በብዙ እጅ ያልፋል፣ አንድ ሰው ይህን አደረገ አይባልም፣ ሥርዓቱ ነው፣ የጊዜው አስተሳሰብ ነው አልሁ። አፌን ሞልቼ አስተማርኋቸው። የተማርሁትን ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ዘረገፍሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ቲዎሪ ለምን እንዲህ እንደ ወደድሁት አላወቅሁም ነበር። በእሱ ውስጥ ሁሉም ነገር ጥፋተኛ ነው፣ እኔ ብቻ የለሁበትም።

አያ ደምሴ አዳምጠው ሲያበቁ «ሰው ካልቆረጠው አልተቆረጠማ» አሉ።

ሰዉ ተስማማ። በሬዲዮ የሰሙት ካልተቆረጠ ይህ የዛሬው ነው የተቀጠለው፤ ነገሩ እንዲያ ሆኖ ተፈረደ። የጎጡን ሰዎች ያኔ ጠላኋቸው። የገዛ ጆሯቸው መስኩ ላይ የሰማውን እንዴት ይክዳሉ ብዬ፣ እንዴት እንዲህ ይደነድናሉ ብዬ ተናደድሁባቸው። አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል። ግን ማን አስተማራቸው? የሰውን ቃል መቁረጥም መቀጠልም እንደሚቻል ማን አሳያቸው?

ሰዉ ሊነሣ ሲል እትየ እናኑ ከቅጥሩ ሥር ቀስ ብለው መጡ። ጥርሳቸው አልቋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። አላመሰገኑኝም። በቀጥታ ነው የተናገሩ፣ ያለ ምንም መንደርደሪያ፣ ያለ ምርቃት።

«ልጄ» አሉኝ፤ «የሰውየውን ስም ብቻ ንገራቸው።»

ያውቁ ነበር? ግንቡ ሥር ቆሜ ኪሴን ይዤ ስዋሻቸው ያኔውኑ አውቀውብኝ ነበር? አላውቅም። ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። ስሙን ከነገርኋቸው ነጻ ይወጣሉ። ስሙ በአፌ ውስጥ ነበር፤ የራሴ ስም ነውና ልረሳው አልችልም።

«አላውቀውም እትየ» አልሁ።

«በል በሰላም ግባ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰዉም በሌላው መንገድ ሄደ። እኔ ድምፅ ማጉያዬን ጠቅልዬ ወረድሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ እራቴን በላሁ።

እንግዲህ አንባቢ፣ ይኸው ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ምን አጠፋሁብህ? እትየ እናኑንም ይቅር በሉኝ አልላቸውም፤ ደግ ሴት ስለሆኑ እሺ ይሉኛል፣ እኔም እፎይ እላለሁ፣ እሳቸው ግን ቅጥሩ ሥር ብቻቸውን እንደተቀመጡ ይቀራሉ። ያን እፎይታ ማትረፍ አልፈልግም። ልጅ ነበርህ፣ እንጀራ ፍለጋ ነው፣ ጊዜው ነው እንዳትልልኝ። እኔ ራሴ ከአንተ አሳምሬ ልለው እችላለሁ፤ እንጀራዬ እሱን ማለት ነው።

የዚያ አገር ሰው ከሆንህ ግን አንድ ነገር አድርግ። እትየ እናኑ በሕይወት ሳሉ ሂድና ይህን ለአያ ደምሴ፣ ሰዉ በተሰበሰበበት አንብብላቸው። ስለ ማርክሲስቶቹ ያልሁትን ዝለለው። ማን ቆረጠው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ይርጋ እባላለሁ፤ ያ መቅረጫ ይዞ የመጣው ልጅ። ጣቢያው አይደለም፣ አለቃዬ አይደለም፣ አሠራሩም አይደለም። እኔ ነኝ የቆረጥሁት።